ባሪያ ኮት ይለብሳል እንዴ?

እትዬ አምሳለ ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ታሪኩን አንብቦ የጨረሰ ሰው እንደማያምነኝ ስለማውቅ ነው። ለታመመ ሾርባ ይዘው የሚሄዱ፣ ለአዲስ መጤ ሥራ የሚያፈላልጉ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተና የወደቀን ሰው በገዛ መኪናቸው የሚያለማምዱ ሴት ናቸው። ጁላይ ፎር፣ በአሜሪካ የነጻነት በዓል ዕለት፣ እኔን ባሪያ ያደረጉኝም በሙሉ ቅንነት ነው።

ዮናታን እባላለሁ። ዘመኑ በፈረንጅ 2022 ነው፤ እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴን ገና መጨረሴ ነበር። ቤታችን ብሌንደን ታውንሺፕ ነው፤ በእናቴ ዲቪ ከመጣን ጀምሮ አፓርትመንት አልቀየርንም። አባቴ ትራክ ስለሚነዳ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው በስልክ ነው። እናቴ ወርቅነሽ ነርሲንግ ሆም ትሠራለች፤ አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ደግፋ ታነሳለች። እሑድ ግን ሌላ ሰው ናት። ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ቀሚስ ለብሳ የቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ትቆምና ሰው ትቀበላለች። ዶክተሩም፣ ባለሱቁም፣ ፓስተሩም እጇን ሳይጨብጥ አይገባም። በሳምንት ውስጥ ቀና ብላ የምትቆምባት ሰዓት እሷ ብቻ ናት።

እኔ በዚያን ጊዜ እሺ ማለት የምወድ ልጅ ነበርኩ። ፕሮፌሰር ሁለት ገጽ ካዘዘ አራት እጽፍና ስለረዘመብኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከአውቶቡስ ስወርድ ሾፌሩን አመሰግናለሁ፤ ምናልባት አልሰማኝ ይሆናል ብዬ ደግሜ አመሰግነዋለሁ።

በሁለተኛው ሴሚስተር የወሰድኩት የታሪክ ትምህርት ግን እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ንጉሥ አገዛዝ ለመላቀቅ ሲዋጉ፣ በባርነት የነበሩ ጥቁሮች በሁለቱም ወገን ተሰልፈው ኖሯል። የንጉሡ ሰዎች «ከአማፂ ጌታህ ጠፍተህ ከመጣህ ነጻ ነህ» አሏቸው። አማፂዎቹም ወታደር ሲያጥራቸው አንዳንዶቹን «ከዘመትክ ነጻ ነህ» አሏቸው። ጦርነቱ ሲያልቅ ቃሉ የተጠበቀለት አለ፤ ተይዞ ወደ ጌታው የተመለሰም አለ። ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል ብለው የጻፉት ሰዎች ሲጽፉ፣ እራታቸውን ያቀርብላቸው የነበረው ማን እንደሆነ ባወቅኩ ጊዜ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እያቆምኩ መንገር ጀመርኩ። ሰውም እየሸሸኝ መጣ።

እትዬ አምሳለ ግን አልሸሹም። ኮል አደረጉልኝ።

«ዮኒዬ፣ ለጁላይ ፎር የምስጋና ፕሮግራም አለን። ስለ አሜሪካ ነጻነት አጠር ያለች ድራማ ጻፍልን። አስተማሪ ትሁን። ማንንም የማታስቀይም ትሁን።»

«እሺ እትዬ።»

«አንተ የተማርክ ልጅ ነህ፤ ታውቀዋለህ።»

በዚያው ሌሊት ጻፍኩት። ዋናው ሰው ቄሳር የሚባል ባሪያ ነው። ጄኔራሉ ነጻነት ቃል ይገባለታል። ቄሳር ኮት ለብሶ፣ ጠመንጃ ይዞ ይዘምታል፤ ይቆስላል። መጨረሻ ላይ ጄኔራሉ ፊት ቆሞ «ጌታዬ፣ ጦርነቱ አለቀ። ቃልዎስ?» ይላል። ያበቃል። በጣም ኮርቼበት ነበር።

የፕሮግራም ኮሚቴው ሁለት ሰው ነው፤ እትዬ አምሳለና ጋሼ መንግሥቱ። ጋሼ መንግሥቱ ጸሎታቸው ረጅም፣ ንባባቸው አጭር የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ድራማውን የሰንበት ትምህርት ክፍሉ ውስጥ አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጥሩ ነው። ግን መጨረሻው የታለ?»

«ጥያቄው ነው መጨረሻው፣ ጋሼ።»

«ልጄ፣ እኛ የምስጋና ፕሮግራም ነው ያልንህ እንጂ የአቤቱታ አላልንም። ጄኔራሉ ነጻ ያውጣው። ባሪያው ይንበርከክና ያመስግን። ከዚያ ኬኩ ይቆረሳል።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ልምምድ ስንጀምር ግን ሌላ ችግር መጣ። ጄኔራል መሆን የማይፈልግ ልጅ አልነበረም፤ ጄኔራል እንዲሆን የማትፈልግ እናትም አልነበረችም። አንዷ ልጄ ረጅም ነው አለች። ሌላዋ የኔ አማርኛው ጥርት ያለ ነው አለች። ሰላም እንዲወርድ ሲባል ድራማው አራት ጄኔራሎች ኖሩት። ዋናው የእትዬ አምሳለ ልጅ ኢያሱ ሆነ፤ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ለአማርኛ ጥያቄ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ሦስቱ ከኋላው ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቄሳርን ግን የሚጫወት ጠፋ።

«ልጄን ባሪያ አታደርጉብኝም!» አለች የሁለተኛው ጄኔራል እናት።

«ድራማ እኮ ነው» አልኳት።

«ድራማም ቢሆን! አያቱ ሰምተው ምን ይላሉ? እኛ እኮ የባላባት ዘር ነን።»

ይኸንን እዚህ ማስረዳት አለብኝ። ኮሎምበስ ያለ አበሻ ሁሉ የባላባት ዘር ነው። እንደሚመስለኝ ገበሬውና ሎሌው ዲቪ ስላልደረሰው እዚያው ቀርቷል። እኔም ራሴ የእናቴ አያት ባላባት እንደነበሩ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው ያደግኩት፤ እናቶቹ ሲከራከሩ በልቤ «እኛም እኮ» እያልኩ ነበር።

«ታዲያ ማን ይሁን?» አሉ ጋሼ መንግሥቱ።

እትዬ አምሳለ ወደ እኔ ዞሩ። ቀስ በቀስ ሌላውም ሰው ሁሉ ዞረ። በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ያለ ክርክር የተስማማንበት ብቸኛው ጉዳይ ይኼ ሳይሆን አይቀርም።

«ዮኒዬ፣ አንተው ብትሆነውስ?» አሉ እትዬ አምሳለ። «ጽሑፉ ያንተ ነው፣ ቃሉን ታውቀዋለህ። ደግሞም…» ፊቴን አዩት፣ እጄን አዩት፣ «ይስማማሃል።»

በቤታችን አቆጣጠር እኔ ጠይም ነኝ። በሌሎች አቆጣጠር ምን እንደሆንኩ እስከዚያ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሰጡኝ ብዬ ፊቴ በራ።

«እሺ እትዬ! ደስ ይለኛል!»

እናቴ ሥራ ጨርሳ በመኪና ልትወስደኝ መጣች። ቀበቶዬን እያሰርኩ በደስታ ነገርኳት። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን አልሄደችም፤ ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋባት። ነዳጅ ማደያው ጋ ስትደርስ ወደ ዳር አወጣችና ሞተሩን አጠፋች።

«ማን ነው ያለው? አምሳለ ናት?»

«አዎ። ምነው?»

«የእናቴ አገር ልጅ ናት» አለች፤ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ይመስል ነበር። «ከእናቴ ጋር አንድ ወረዳ ናት። ታውቃለች ማለት ነው። ወይም አታውቅም፤ መልክህን አይታ ብቻ ነው። የትኛው እንደሚሻለኝ እንጃ።»

«ምኑን?»

«አያቴ ባላባት አልነበረም፣ ዮኒ። የባላባቱ ባሪያ ነበር።»

እሷ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ቀጠለች።

«ደስታ ይባላል። ስሙን ጌቶቹ ናቸው ያወጡለት፤ ደስታው የእነሱ ነበር እንግዲህ። ጣሊያን የገባ ጊዜ ባሪያ ሁሉ ነጻ ነው ብሎ አሳወጀ። ብዙው ጠፍቶ ሄደ። ጌታው ጫካ ሊገባ ሲነሣ ደስታን ጠራና አብረኸኝ ከተዋጋህ ነጻ ነህ አለው። አያቴ ከጌታው ጋር ሄደ።»

«ለምን? ጣሊያን ነጻ ብሎት የለ?»

«አገሩ ነዋ! ሞኝ ነው አትበለኝ። እኔም ሞኝ ነው ስል ነው የኖርኩት።»

የታሪክ ክፍሌ ውስጥ የተቀመጥኩበት ወንበር ትዝ አለኝ። ስለ ሌላ አገር ሰዎች የጻፍኩት መስሎኝ ኖሯል።

«ነጻ አወጣው ታዲያ?»

«አወጣው። ማንም ግን ከሱ ጋር ማዕድ አይቆርስም፤ ልጁንም የሚያገባ ጠፋ። እናቴ ሰው የማያውቃት አገር ሄዳ ነው ያገባችው። እኔ ደግሞ እዚህ መጣሁ። እዚህ ማንም አያውቅም ብዬ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «በዚያ በር ላይ ሰው ሁሉ እጄን ጨብጦ ነው የሚገባው፣ ልጄ። ይኼን ቢያውቁ ይጨብጡኛል?»

«እተወዋለሁ። ነገ እደውልና እተወዋለሁ።»

«ብትተወው ለምን ተወው ይላሉ። ለምን ከተባለ ደግሞ ቆፍረው ያወጡታል፤ ለዚህ ለዚህ የሚያህላቸው የለም። ዝም ብለህ ተጫወት። ቶሎ ጨርስና ውረድ።»

«እሺ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ኮሶ የመረረኝ እሺ ይኼኛው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ለራሴ አደረግኩ። ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ውስጥ ካለ አሮጌ ልብስ መሸጫ የማርሽ ባንድ ኮት ገዛሁ። ሰማያዊ ነው፣ ወርቃማ ቁልፎች አሉት። ቄሳር የሚለብሰው ነው። ቢያንስ ኮቱን ለብሼ እንበረከካለሁ አልኩ።

ጁላይ ፎር ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ሰው ትንንሽ ባንዲራ እያውለበለበ ይገባል፤ እናቴ በር ላይ ቆማ ትቀበላለች። እኛ ሰንበት ትምህርት ክፍሉ ውስጥ እንለብሳለን። ኮቴን ለብሼ ስቆልፍ እትዬ አምሳለ ገቡና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ውይ ሲያምር! ይኼማ ለኢያሱ ነው።»

«የቄሳር ነው፣ እትዬ።»

«የኔ ልጅ፣ ባሪያ ኮት ይለብሳል እንዴ?»

«ወታደር ሆኗል እኮ። ሠራዊቱ ነው የሰጠው።»

«ታዲያ ሰው በምን ይለየው?»

«እዚህ ቦታ ላይ እኮ ነጻ ወጥቷል።»

«ነጻ ቢወጣስ!» አሉ።

እውነት እላችኋለሁ፣ ዓመት ሙሉ ካነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ የዚህ ዓለም ታሪክ እንደዚህ አጥሮና ጠርቶ ተገልጾ አላየሁም።

ጋሼ መንግሥቱም ደገፏቸው። «እውነታቸውን ነው። ሁለታችሁም ካማረባችሁ ሕዝቡ ይደናገራል። ማንን ማክበር እንዳለበት በምን ያውቃል?»

እትዬ አምሳለ ከቦርሳቸው የሩዝ ጆንያ አወጡ። ለአንገት አንድ፣ ለእጅ ሁለት ቀዳዳ በጥንቃቄ ተቀዶለታል፤ ጠርዙ እንዳይተረተር ሰፍተውታል። ቅንነታቸውን የምነግራችሁ ለዚህ ነው። ደረቱ ላይ በአረንጓዴ ትልልቅ ፊደል «ባስማቲ» ይላል።

«ገልብጠህ ልበሰው፤ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ይሁን» አሉኝ።

ኮቱን አውልቄ ጆንያውን አጠለቅኩ። እሺም ሳልል አልቀረሁም። ኢያሱ ኮቴን ለብሶ ትከሻውን አወዛወዘ።

«ማም፣ ኢትስ ሶ ሆት።»

«ዝም በል፤ ጄኔራል ሙቀት አይልም!»

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና እናቴ አንገቷን አስገባች። «ሰው ሁሉ ተቀምጧል፣ ጀምሩ ተብላ…» ብላ ቆመች። ጆንያውን አየች። ኢያሱ ላይ ያለውን ኮት አየች። ኮቱን የገዛሁ ቀን አሳይቻት ነበር።

«ይኼ ምንድነው?»

«የባሪያው ልብስ ነዋ፣ ወርቅነሽ» አሉ እትዬ አምሳለ። «እኔ ነኝ የሰፋሁት። ልክ አልመጣለትም?»

እናቴ ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። አራቱ የጄኔራል እናቶች ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። አትናገሪው፣ አትናገሪው እል ነበር በልቤ። ቶሎ ጨርስና ውረድ ያለችኝ እሷ ናት። አሥር ደቂቃ ዝም ብትል ሁሉም ነገር ያልፋል፤ እሑድ በሯ ላይ ትቆማለች።

«ኢያሱ፣ የኔ ጌታ፣ አውልቀው» አለች።

«ኦኬ» አለ ኢያሱ፣ ደስ ብሎት።

«ምን ሆነሻል ወርቅነሽ? ድራማ እኮ ነው!» አሉ እትዬ አምሳለ።

እናቴ ጆንያውን በራሴ ላይ አወጣችና መሬት ላይ ጣለችው። ሥራ ቦታዋ አቅመ ደካሞቹን እንደምታለብሰው፣ መጀመሪያ አንድ እጄን፣ ከዚያ ሌላውን አስገብታ ኮቱን አለበሰችኝ። ቁልፎቹን ከታች ጀምራ እየቆለፈች ተናገረች። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«የእናቴ አባት ባሪያ ነበር፣ እትዬ አምሳለ። ያውቁ ከሆነ እንኳን አወቁ፤ ካላወቁ አሁን ይወቁ። ከጣሊያን ጋር ተዋግቶ የጣሊያን ኮት ገፍፎ፣ ለብሶት ነው አገሩ የገባው። ቀድሞት የገባው ጌታው ደጅ ላይ ተቀበለውና ኮቱን አውልቅ፣ ለልጄ ይሆናል አለው። ነጻ ባወጣው ማግስት! አያቴም አወለቀ። እስኪሞት ድረስ በጠራራ ፀሐይ በረደኝ ይል ነበር።» የመጨረሻዋን ቁልፍ አንገቴ ሥር ቆለፈች። «ይኼኛው ልጅ አያወልቅም።»

ጋሼ መንግሥቱ ነገር ሲከብዳቸው ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት «እንጸልይ» አሉ። ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኔን ገለጥ አድርጌ ሳይ፣ ያልጨፈነችው እናቴ ብቻ ናት።

ጸሎቱ አልቆ፣ አሜን ብለን እስክንወጣ ወሬው ቀድሞን አዳራሽ ደርሷል። አራት የጄኔራል እናቶች ባሉበት ማይክሮፎን አያስፈልግም።

ወጣሁ። ተጫወትኩ። ቃል ተገባልኝ፣ ዘመትኩ፣ ቆሰልኩ። የምንበረከክበት ቦታ ደረሰ። እናቴ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ሰው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያል። ጉልበቴ እንቢ አለኝ። ኢያሱ ፊት ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ የተሰረዘውን ቃሌን ተናገርኩ።

«ጌታዬ፣ ጦርነቱ አለቀ። ቃልዎስ?»

ኢያሱ ይኼን አልተለማመደም። ግራ ቀኝ አየ። ከኋላው ያሉት ሦስት ጄኔራሎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቱን ፈለጋቸው፤ አጣቸው።

«አይ ዶንት ኖው፣ ብሮ» አለ በመጨረሻ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከታሪክ አንጻር ግን ስህተት አልነበረውም። ጋሼ መንግሥቱ «ሃሌሉያ! ኬክ አለ!» ብለው ሮጠው መድረክ ላይ ወጡ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። በዚያው ሳምንት ሦስት ሴቶች፣ አንዷ የጄኔራል እናት፣ ለእናቴ በየተራ ደወሉ። ሦስቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የኛም አያት እኮ…» ብለው ጀመሩ። ሦስቱም «ለማንም እንዳትነግሪ» ብለው ጨረሱ። እናቴ ስልኩን እየዘጋች «የባላባቱ ዘር ሊያልቅ ነው» እያለች ትስቃለች።

እኔን ያየኝ ሰው ብዙም አልተለወጠም ይላል። አሁንም የአውቶቡስ ሾፌር አመሰግናለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ነገር ግን ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተስማምቶ አንድ ሥራ ሲሰጠኝ፣ እሺ ከማለቴ በፊት ለምን እኔ ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተም ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ቃል ሳይሆን ዝምታ ነው፤ ዝምታውን በደንብ ስሙት። ደግሞ ነጻነት ስለሚባለው ነገር የተማርኩትን ክፍል ውስጥ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ፤ ግን አንድን ሰው ነጻ ነህ ማለት ቀላል መሆኑን፣ ኮት ለብሶ ሲያዩት መታገሥ ግን ከባድ መሆኑን የተማርኩት ከጆንያው ነው።

ጁላይ ፎርን ተከትሎ በመጣው እሑድ እናቴ ነጭ ሸሚዟን ተኩሳ በሯ ላይ ቆመች። አጠገቧ ነበርኩ። አንዳንዱ ሰው መጥቶ ጨበጣት፤ እንዲያውም ጠበቅ አድርጎ። ሌላው ግን መኪናውን ካቆመ በኋላ ያልተለመደ አቅጣጫ ይይዝ ጀመር። ሕንፃችን በጎን በኩል ጠባብ በር አላት፤ ወንበርና ድምፅ ማጉያ ማስገቢያ ናት፣ ሰው አይገባባትም። በዚያ ቀን ሱፍ የለበሰ ሰው ሁሉ ድንገት በጎን በር መግባት አማረው። ተራ ይዘው፣ አንዱ ለሌላው «ይግቡ፣ ይግቡ» እያለ።

«እማ፣ ወደ ቤት እንሂድ?» አልኳት።

እናቴ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሸሚዟን አስተካክላ፣ ሕንፃውን በውጭ በኩል ዞራ ሄደችና የጎን በሩ ላይ ቆመች።

ቀጥሎ የደረሱት እትዬ አምሳለ ነበሩ። ጥጉን ታጥፈው ሲመጡ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። መመለሻ የለም፤ ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ» አለች እናቴ፣ እጇን ዘርግታ።

እትዬ አምሳለ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። ከዚያ ቦርሳቸውን። ከዚያ የመኪና ቁልፋቸውን። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፤ በመጨረሻ ቀኝ እጃቸው ባዶ ቀረ። እናቴ አልቸኮለችም፤ እጇንም አላጠፈችም።